እንጦጦ ላይ አንድ የሳይክል መውረጃ ይሠራልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣
የከተማችንን የወጣቶችና የስፖርት ሥራ ለምትመሩ፣
የእንጦጦን ተራራና ፓርኩን ለምታስተዳድሩ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በእንጦጦ ተራራ ላይ የተራራ ብስክሌት መንገድ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ከአፍንጮ በር ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ሳይክል እጠግናለሁ። ሥራው ላይ ከቆየሁ 19 ዓመት ሆነኝ። ሱቄ ጠባብ ናት። ሁለት ሳይክል ካስገባሁ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ሰኞ ሰኞ ግን ደጁም አይበቃም።

ሰኞ ጠዋት የሚመጡልኝን ሳይክሎች አይቼ ልጆቹ እሑድ የት እንደዋሉ አውቃለሁ። የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። ብረቱ ደግሞ ቸርኬውን ፍቆታል። ካቴናው ላይ ቀይ አፈርና የባህር ዛፍ ቅጠል ተጣብቋል። ልጁ ክርኑ ላይ ፕላስተር ለጥፏል። «እንጦጦ ነበርክ አይደል?» ስለው አንገቱን ይደፋል። እናቱ አታውቅም ማለት ነው።

ባለፈው ጥቅምት አንድ የሰፈራችን ልጅ ወደቀ። 14 ዓመቱ ነው። ከእንጦጦ ማርያም በአስፋልቱ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወርድ ፍሬኑ አልይዝ አለው። ከፊቱ ጭነት መኪና ዳገቱን እያቃሰተ ይወጣል። ከኋላው ሚኒባስ ይከተለዋል። ልጁ የቀረችውን አንዲት ነገር መረጠ፤ ቦዩ ውስጥ ገባ። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰበረ።

ያን ፍሬን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ጎማው አዲስ ነው። ካቦውን ደጋግሜ ስቤ አይቼዋለሁ። ግን ያ ዓይነት ፍሬን ለከተማ ሜዳ የተሠራ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ሳይለቀቅ ሲያዝ ጎማው ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ቸርኬው ላይ ይንሸራተታል። እጅህ እስኪደነዝዝ ብትጨብጠው አይሰማህም። እኔ ይህን አውቃለሁ። ለልጁ ግን አልነገርኩትም። እንጦጦ ትወጣለህ ወይ ብዬም አልጠየቅኩትም።

ልጠይቀው ቤታቸው ስሄድ ክንዱ በጀሶ ታስሮ አልጋው ላይ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ፍሬኑ መጀመሪያ ላይ ይዞ ነበር። ቁልቁለቱ ነው አላልቅ ያለኝ» አለኝ። እኔን ማጽናናቱ ነው። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት የዚያን ዕለት ማታ ነው።

ልጆቹን ለምን አትከለክሏቸውም የሚል ይኖራል። ከልክለናል። ወላጆች ይከለክላሉ፣ እኔም እቆጣለሁ። አንዴ ወደ አንድ መሥሪያ ቤትም ሄጄ ነበር። ተራራው ላይ ለሳይክል የሚሆን መንገድ ይታሰብበት ብዬ ጠየቅኩ። ያነጋገሩኝ ሰው ትሑት ነበሩ፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። ሆኖም «ሳይክል እኮ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ስንት አንገብጋቢ ነገር አለብን» አሉኝ። ከተማዋ ያለባትን ሸክም ስለማውቅ አልተቀየምኳቸውም። ነገር ግን ተራራ ከደጃፉ ያለ ልጅ ተራራ መውጣቱ፣ የወጣ ደግሞ መውረዱ አይቀርም። ዛሬ የሚወርድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንዱ ለመኪና የተሠራው አስፋልት ነው። ሌላው እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ አዛውንቶችና አትሌቶች የሚመላለሱበት የእግር መንገድ ነው። ሁለቱም ለእሱ አልተሠሩም።

ሌላ ዓይነት አሠራር እንዳለ ያየሁት ወንድሜ ዘንድ ሄጄ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ኢንስብሩክ በምትባል ከተማ ይኖራል። ሁለት ዓመት ይሆናል፤ በሐምሌ ሦስት ሳምንት እሱ ጋ ተቀመጥኩ። ከተማዋን በክረምት ኦሎምፒክ የምታውቋት ትኖራላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1976 አስተናግዳለች። 1964 እኮ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ዓመት ነው።

ኢንስብሩክ ስገባ መጀመሪያ የታየኝ እንጦጦ ነው። ከመሀል ከተማው መንገድ ላይ ቆመህ ወደ ሰሜን ቀና ስትል ተራራው ልክ እንደ ግንብ ተገትሯል። እኛም ፒያሳ ቆመን ወደ ሰሜን ስናይ እንዲሁ ነው። የእነሱ ተራራ ኖርድኬተ ይባላል። ከመሀል ከተማ ባቡር ይዘህ ሁንገርቡርግ ትወጣለህ። ከዚያ በገመድ ላይ የሚሄደው ኬብል ካር እስከ 1,905 ሜትር ያደርስሃል። ከላይ በሳይክል የሚወረድበት ቀጭን መንገድ አለ። እጅግ ቁልቁል ነው፣ ድንጋይና ሥር የበዛበት። ወንድሜ ለማየት ብቻ ነው የወሰደኝ። «ይሄ ለጎበዞቹ ነው፤ ለእኔና ለአንተ የሚሆነው ሙተርስ ነው» ብሎ በማግስቱ ከከተማዋ ወጣ ብላ ወደምትገኝ መንደር ይዞኝ ሄደ።

እዚያ ያየሁትን በቅርበት ልንገራችሁ። መግቢያው ላይ እንደ ትራፊክ ምልክት ያለ ሰሌዳ አለ። መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል። አረንጓዴ ለጀማሪ ነው። ሰማያዊው ትንሽ ለለመደ፣ ቀዩ ለበረታ፣ ጥቁሩ ጉዳዩን አውቆ ለሚገባ። የስድስት ዓመት ልጅ ከአባቷ ጋር አረንጓዴውን ስትወርድ አይቻለሁ። ሄልሜቷ ከራሷ ይበልጥ ነበር። ማንም አይጮህባትም፤ ማንም አይጋፋትም። መኪና የለም። የሚያስፈራ ኩርባ ጋ ስትደርስ መሬቱ ራሱ እንደ መዳፍ ጎድጎድ ብሎ ይቀበላታል። ያ ከፍ ተደርጎ የተሠራ የኩርባ ዳር ነው። ሳይክሉ ወደ ውጭ እንዳይወረወር አፈሩ ይደግፈዋል።

ሳይክሌን አስተኝቼ አፈሩን በእጄ ዳሰስኩት። የጠጋኝ አመል ነው፤ ሁሉን ነገር ነክቼ ካላየሁ አይገባኝም። መንገዱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይሰፋም። ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ ወደ ገደሉ በኩል ትንሽ ዘንበል ብሏል። ውሃ ቢመጣ ሜዳው ላይ አይተኛም፣ ወዲያ ይፈስሳል። በየጥቂት እርምጃው ደግሞ ቁልቁለቱ ቆም ብሎ ትንሽ ሽቅብ ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። መጀመሪያ ለመዝለያ የተሠራ መሰለኝ። ወንድሜ ሳቀብኝ። የውሃ መውጫ ነው። ውሃው ጉልበት ሳያገኝ እዚያች ጉድጓዳ ቦታ ላይ ከመንገዱ ይወጣል። ሳይክለኛው ደግሞ ፍሬን ሳይነካ ፍጥነቱ ይበርድለታል። ያን ጊዜ የእኛ ልጅ ትዝ አለኝ ማለት አልችልም፤ ገና አልወደቀም ነበርና። አሁን ግን ያቺ ሽቅብ ያለች መሬት ከዓይኔ አትጠፋም። ቁልቁለቱ አላልቅ ያለው ልጅ የሚያስፈልገው እሷ ነበረች።

እነሱም ቢሆኑ እዚህ የደረሱት ተጣልተው ነው። በኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የደን ሕግ ማንም ሰው ጫካ ውስጥ በእግሩ እንዲንሸራሸር ይፈቅዳል። በሳይክል ለመግባት ግን የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። የተራራ ብስክሌት ሲስፋፋ ጭቅጭቁ በየጫካው ተነሳ። አዳኙ፣ ከብት አርቢው፣ የእግር ተጓዡ፣ ሳይክለኛው ሁሉም የየራሱን ያወራል። ኢንስብሩክ ያለችበት የቲሮል ክልል ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1997 አንድ አሠራር ጀመረ። ከመሬት ባለቤቶች ጋር ውል ይገባል። በተፈቀደው መንገድ ላይ ምልክት ይተከላል። ሰው ተጎድቶ የመሬቱ ባለቤት ቢጠየቅ የሚሸፍን ኢንሹራንስ አለ። ይህ እስካሁን ይሠራል። ጠቡ ፈጽሞ ጠፋ አልልም፤ ግን ሰው የት እንደሚጣላ ያውቃል፣ የት እንደሚስማማም ያውቃል።

ጎረቤታቸው ስዊዘርላንድ ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥት አድርሳዋለች። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ 73.6 በመቶው የሳይክል መንገድ በሕገ መንግሥቱ ይግባ አለ። ይህን የሚያስፈጽመው ሕግ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ላይ ነው። የከተማውን የሳይክል መንገድ ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ የመዝናኛውንና የተራራውንም ይጨምራል። ካንቶን የሚባሉት ክልሎቻቸው እስከ 2027 መጨረሻ እቅዳቸውን አውጥተው እንዲጨርሱ ታዘዋል። ሳይክል የልጆች ጨዋታ ነው ላሉኝ ሰው ይህን ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ፈረንሳይ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የሄደችው። ሌ ጄ የምትባል መንደር አለች። በክረምት የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ናት። በበጋ ግን ሰውን በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ተራራው የሚያወጣው ሊፍት ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይቆም ነበር። ወንበሮቹ ላይ የሳይክል መንጠቆ አሰሩበትና በበጋም አስነሱት። ዛሬ በአካባቢው 12 የመዝናኛ መንደሮች ተያይዘዋል። በአንድ ትኬት ከፈረንሳይ ወጥተህ ስዊዘርላንድ ትወርዳለህ። ሌ ጄ የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮናን እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2022 አስተናግዳለች። ከበላይዋ ያለው ሞን ሼሪ የሚባለው ተራራ ጫፉ 1,826 ሜትር ነው።

ይህችን ቁጥር ደግማችሁ አንብቧት። 1,826። እኔ ሱቄ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጎማ ስለጥፍ ከዚያ ተራራ ጫፍ በላይ ነኝ። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ ደግሞ 3,000ን ያልፋል። እነዚያ አገሮች ሊፍት ተክለው ቱሪስት የሚጠሩበትን ከፍታ እኛ ሚኒባስ ተራ እየጠበቅን እናልፈዋለን። ሊፍትም አንጠይቅም። ከሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላው ላይ አራት ሳይክል ማሰር አያቅተውም። እግሩ የጠና ደግሞ እየረገጠ ይውጣ። በዚያ አየር ሽቅብ የረገጠ ልጅ የትም ቢወስዱት አይደክምም፤ ሯጮቻችን ይመስክሩ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሳ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ላይ የተሰለፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም አብረው ሄደዋል። ገረመው ደንቦባ የዚያ ቡድን አባል ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ የብስክሌት ውድድር ላይ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በ2024 የኤርትራው ቢንያም ግርማይ እዚያው ውድድር ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚበልጠው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ለበሰ። በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ መጣ፤ ኪጋሊ ላይ። የተራራ ብስክሌት ደግሞ ከአትላንታ 1996 ጀምሮ የኦሎምፒክ ስፖርት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ከአጥንት ስብራት ይሰፋል። አንዳንዱ ልጅ ከዚህ ይነሳል።

አሁን ወደ አፈሩ ልመለስ። እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ እሱ ነውና።

እንጦጦ ላይ መንገድ ያለ ዕውቀት ቢቆረጥ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ክረምታችንን ታውቁታላችሁ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ሲወርድ ከላይ የተጫረች አንዲት ጭረት በመስከረም ቦይ ሆና ትጠብቃለች። የታጠበው አፈር ወደ ቀበና ወንዝ ይወርዳል፣ ድልድይ ሥር ይከማቻል። ልጆቹ ዛሬ በዘፈቀደ የሚወርዱባቸው መስመሮች እንዲህ ሆነዋል። ቀጥ ብለው ቁልቁል ስለሚወርዱ ውሃውም አብሯቸው ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አንዱ መስመር ላይ እግሬን ከትቼ ለክቻለሁ፤ እስከ ጉልበቴ ደረሰ።

በዓለም ላይ መንገድ ቀያሾቹ የሚከተሉት ደንብ ቀላል ነው። መንገዱ ተራራውን ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ጎኑን ይዞ ይሄዳል። ቁልቁለቱ በአማካይ ከ10 በመቶ አይበልጥም። የተራራው ጎን ያለው ዝቅዝቅታ 16 በመቶ ከሆነ የመንገዱ ከ8 መብለጥ የለበትም፤ ግማሹ ማለት ነው። ይህ ካልተጠበቀ ውሃው መንገዱን ትቶ አይሄድም፣ መንገዱን ወንዝ ያደርገዋል። ሒሳቡን ስትሠሩት ጥሩ ነገር ይወጣል። 300 ሜትር ከፍታ ብቻ ቢወረድ በ10 በመቶ 3 ኪሎ ሜትር መንገድ ይሆናል። በ7 በመቶ ከሆነ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ። ለሰፈር ልጅ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ይህን የሚያስተምረን ፈረንጅ የግድ ፍለጋ መሄድ የለብንም። የኮንሶ ገበሬ እርከኑን ሲክብ የኖረው በዚሁ ዕውቀት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 የመዘገበው የኮንሶ መልክዓ ምድር ውሃ ሳያባክን፣ አፈር ሳያስበላ ተራራ ላይ መኖርን ያሳያል። በየገጠሩ በተፋሰስ ሥራ ላይ የዋለ ወጣት ደረጃ መለካት፣ የውሃ መቀልበሻ መቁረጥ ያውቃል። ዶማ፣ አካፋ፣ የውሃ ልክና ሕብረቁምፊ በቂ ነው። ቀያሽ ባለሙያ አንድ ሁለት ሰው ከውጭም ቢመጣ መልካም ነው። ቁፋሮው ግን ለሽሮ ሜዳና ለቀጨኔ ወጣቶች የሥራ ዕድል ይሁን። መንገድ የቆፈረ ልጅ መንገዱን አያበላሽም።

እነዚያ አገሮች ያሉበት የአልፕስ ተራሮች ሰዎች በክረምት በረዶ ስለሚወርድ መንገዱን ይዘጋሉ። እኛም ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም እንዝጋ። እርጥብ ቀይ አፈር ላይ የሚነዳ ሳይክል በአንድ ቀን የሚያበላሸው በወር አይጠገንም። ለልጆቹም ቢሆን የባህር ዛፍ ሥር በዝናብ ጊዜ ሳሙና ነው። መስቀል ሲያልፍ፣ አፈሩ ሲጠነክር፣ ተጠግኖ ይከፈት።

ስለ እናቶቹ ሳልናገር ብቀር ደብዳቤው ጎደሎ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ ባህር ዛፍ ካስመጡ ወዲህ እንጦጦ የከተማዋ ማገዶ ቤት ሆኖ ኖሯል። ያን ማገዶ ተሸክመው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። ዛሬም ይወርዳሉ። ወገባቸው ታጥፎ፣ ጭነቱ ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶ ነው የሚሄዱት። ከፊታቸው ከመሬቱ በቀር አያዩም። ከኩርባ ጀርባ ሳይክል ቢመጣባቸው መሸሻ የላቸውም። አንድ እሑድ ከላይ ስወርድ ከእንዲህ ያሉ እናት ጋር ተገናኘሁ። ወርጄ ሳይክሌን ወደ ጥጉ አስጠግቼ ቆምኩ። «እማማ፣ ይለፉ» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ተባረክ ልጄ፤ ሌሎቹ እንዳንተ አይቆሙም» ብለው አለፉ። ያቺ «ሌሎቹ» ያሉኝ ቃል ውስጥ የእኔ ደንበኞች አሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። መውረጃው ከእነሱ መንገድ ይለይ። የግድ በሚገናኙበት ቦታ ሳይክለኛው እንዲወርድና እንዲገፋ በምልክትም በእንቅፋትም ይገደድ። በአልፕስም እግረኛ ይቀድማል፤ ሳይክለኛው ፍጥነቱን ቀንሶ፣ ሰላም ብሎ፣ ጠብቆ ነው የሚያልፈው። ሁለተኛው ልመናዬ መስመሩ ከመቀየሱ በፊት እናቶቹ እንዲጠየቁ ነው። ውሃ የት እንደሚመጣ፣ የቱ መሬት እንደሚናድ፣ ጅብ የት እንደሚያድር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠርታችሁ ስታማክሯቸውም የውሎ አበላቸውን ክፈሏቸው። አንድ ቀን ካልተሸከሙ የዚያን ቀን እራት የለም።

ቤተ ክርስቲያኖቹም አሉ። እንጦጦ ማርያምና እንጦጦ ራጉኤል ደጅ ላይ ሳይክል ሲንጫጫ ማየት ማንም አይፈልግም። መስመሩ ከቅጥራቸው ይራቅ። በወር በ21 እና በ1 ምዕመኑ ሲወጣ ደግሞ እስከ ቅዳሴ መውጫ ይዘጋ። ልጆቹ ይህን ለመቀበል አይቸገሩም። አብዛኞቹ ራሳቸው ነጠላ ለብሰው የሚወጡ ናቸው።

ከተማው መሀልም አንድ ትንሽ ነገር ይሠራልን። ፓምፕ ትራክ ይባላል። ሞላላ ሆኖ ዞሮ የሚገጥም፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚል መንገድ ነው። ፔዳል አይረገጥበትም። ሳይክሉን በእጅና በጉልበት እየገፋህ፣ ከፍ ሲል እየተለጠጥክ ዝቅ ሲል እየተጫንክ ትሄዳለህ። አንድ የመረብ ኳስ ሜዳ ሁለት እጥፍ ያህል ቦታ ካለ ይበቃዋል። ከአፈር ይሠራል፣ በአስፋልትም ይሠራል። ተራራማዋ ሌሶቶ ሮማ በምትባል ከተማዋ የአስፋልቱን ሠርታለች። የዚህ ጥቅሙ ልጁ ተራራ ሳይወጣ ሚዛን መጠበቅን፣ ኩርባ መያዝን፣ መውደቅንም ይማራል። ከፍታው ከጉልበት ብዙም ስለማያልፍ ቢወድቅ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። ጃን ሜዳን አልጠይቅም፤ እሱ የጥምቀትና የኳስ ነው። በወንዝ ዳር ልማቱ ውስጥ፣ በአራት ኪሎና በቀበና መካከል፣ ወይም በአንዱ የሰፈር መናፈሻ ጥግ ቦታ አይታጣም።

የኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳም ወደ መገናኛም የሳይክል መስመር አምጥቶልናል። ስለዚህ አመሰግናለሁ። የሱቄን ሥራ ለውጦታል። ሳይክል ነድቼ አላውቅም የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ መጥተው መቀመጫውን ዝቅ አድርግልኝ ይሉኛል። የወሩ መጨረሻ እሑድ መንገዱ ለሰው ሲለቀቅ ደግሞ ሕፃኑ ሁሉ ይወጣል። ያ ሕፃን ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላው አስፋልቱ ይጠብበዋል። ቀና ብሎ ተራራውን ያያል። እንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ ሰው ወደ ላይ መውጣት ለመደ። ስለዚህ ከዜሮ አንጀምርም። የቀረው ከላይ ወደ ታች የሚያገናኝ አንድ ክር ነው።

በጀት ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ትልቅ ነገር ያልጠየቅኩት። በአንድ የበጋ ወቅት አንድ አረንጓዴ መስመር፣ 3 ኪሎ ሜትር፣ ለሙከራ ይከፈት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይታይ። ስንት ልጅ እንደመጣ፣ ስንት እንደወደቀ፣ አፈሩ ምን እንደሆነ መዝግቡ። ውሃ ከበላው ዝጉት፤ አልከራከራችሁም። ከጸና ግን ሰማያዊውን ጨምሩልን።

ከእኔ የምትፈልጉት ካለ ይኸው። መንገዱ በተከፈተበት በየቅዳሜው ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት መግቢያው ላይ ቁጭ እላለሁ። የእያንዳንዱን ልጅ ፍሬን፣ ጎማና መሪ አያለሁ። ያልሆነውን በነፃ አስተካክላለሁ። የማይሆነውን አላሳልፍም፣ ቢያለቅስም። ሌሎች ሁለት ጠጋኞችም፣ አንዱ ከሽሮ ሜዳ አንዱ ከጉለሌ፣ አብረውኝ ሊቀመጡ ቃል ገብተዋል። መስመሩን ለማየት የሚወጣ ባለሙያ ካላችሁም ተራራውን ይዤ አዞረዋለሁ። ልጆቹ የሚወርዱባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ አሳየዋለሁ፤ የሚያስፈሩትንም አልደብቅም።

የልጁ ጀሶ ታኅሣሥ ላይ ተፈታ። ሳይክሉን ግን አልሰጠሁትም። ሱቄ ውስጥ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አሮጌውን ፍሬን አውጥቼ የዲስክ ፍሬን ገጠምኩለት፤ ለዚህ ስል ፊተኛውን ቸርኬና ሹካውን መቀየር ነበረብኝ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቀኑ ይመጣል። በርጩማው ላይ ይቀመጥና ቁልፍ ያቀብለኛል። ትናንት «ጋሼ፣ ደብዳቤውን ላክኸው?» አለኝ። ነገ ይላካል አልኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አፍንጮ በር ያለው ሳይክል ጠጋኝ